ታታሪ ነበረች አሉ

ስሙኝማ። ሮቢት ስላችሁ ልባችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት እንዳይሄድ። የእኔዋ ሮቢት ሰሜን ወሎ ናት። ከወልድያ ተነሥታችሁ ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት አላውሃን ተሻግራችሁ፣ ጎብዬን አልፋችሁ፣ ቆቦ ሳትደርሱ የምታገኟት ናት። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ከጣላችሁ አታዩዋትም። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ሰንሰለት፣ መሀሉ ሜዳ ነው። ሜዳው ደግሞ በጥቅምት ከዳር እስከ ዳር ማሽላ ነው።

በዚህ ሜዳ ስለኖረች አንዲት ሴት ላውራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ በሕይወቷ ስሟን በአደባባይ ማስጠራት የማትወድ ሴት ነበረች። እኔ እማ ነበር የምላት። አያቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። እናቴ የት ሄዳ ነው ትሉ ይሆናል፤ እሱን ሲደርስ አወራዋለሁ።

እማ የተወለደችበትን ዓመት አታውቅም ነበር። ሲጠይቋት "ጣሊያን ወጥቶ፣ ራያ ከጃንሆይ ጋር የተጣላ ሰሞን ነው አሉ" ትላለች። የራያ ገበሬ በንጉሡ መንግሥት ላይ ያመፀው በ1935 ዓ.ም. ነውና፣ እዚያ ግድም ነው። የዳሯት ገና ሶለል ስትጫወት ነው። ሶለል በነሐሴ አጋማሽ የቆቦ ልጃገረዶች የሚጨፍሩት ጨዋታ ነው፤ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ ይሉታል። አንዱን ዓመት ከልጃገረዶቹ ጋር ጨፈረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ምጣድ ላይ ነበረች። ስለ ሠርጓ ከዚህ ሌላ የነገረችኝ ነገር የለም።

ቀኗ የሚጀምረው ሌሊት ነበር። ወፍጮ ቤት ከመምጣቱ በፊት ማሽላ የሚፈጨው በድንጋይ ነው። ጎንበስ ተብሎ፣ መጁ በሁለት እጅ ተይዞ፣ ወደፊት ተገፍቶ ወደኋላ ተስቦ፣ የአንድ ቤት የቀን ዱቄት እስኪወጣ ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ ውኃ አለ። እንስራ አዝላ ወንዝ ወርዳ ስትመለስ ፀሐይ ከዞብል ጀርባ ብቅ ትላለች። ከዚያ ምጣድ፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ አረም፣ ከዚያ እንጨት። የቀረውን እናንተው ሙሉት፤ እናት ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ የማታውቁትን ነው።

የማታውቁት የማሽላውን ነገር ነው። በራያ ቆላ ደጋሊት የሚባል ማሽላ አለ፣ ጅጉርጤ የሚባል አለ። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ። በልግ ሚያዝያ ላይ ከጣለ ይዘራሉ፣ ኅዳር ላይ ይታጨዳሉ። ሚያዝያ ከከዳ ገበሬው አንጋጦ ይጠብቃል። ግንቦትም ከከዳ ደጋሊትን ትቶ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል። ሐምሌ ከገባ ደግሞ ማሳውን ለጤፍ ያዞረዋል። እንግዲህ ምን ይዘራ የሚለው ውሳኔ በየዓመቱ የአንድ ቤት ሞትና ሕይወት ነው። ውሳኔውን ለጎረቤት የሚናገረው አያቴ፣ የእማ ባል ነበር። ጎተራው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደቀረ፣ የትኛው ዘር ነቀዝ እንደነካው የምታውቀው ግን እሷ ናት። ማታ ምድጃ ዳር "ደጋሊቱ ዘንድሮ አይሆንም" ካለች፣ ጧት አያቴ ከሰው ፊት ቆሞ "ዘንድሮ ደጋሊት አልዘራም" ይላል። ስትስቅ ሰምቻታለሁ ይህን ስትነግረኝ።

ዘሩን የምትመርጠውም እሷ ነበረች። ማጭድ ከመግባቱ በፊት ማሳውን ትዞርና ራሱ የሞላውን፣ ወፍ ያልነካውን፣ አገዳው የጠነከረውን መርጣ ትቆርጣለች። ያንን አስራ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ትሰቅለዋለች። ጭሱ ነቀዝ ያባርራል። ቤታችን ስትገቡ ቀና ብትሉ ጥቀርሻ የለበሰ የማሽላ ራስ ታያላችሁ፤ የሚቀጥለው ዓመት ማለት እሱ ነው። ልጅ የሚራብበት ቤት ውስጥ ከራስ በላይ የተሰቀለ እህል ማለት ምን እንደሆነ ግን የምታውቁት የ77ቱ ረሃብ ላይ ስንደርስ ነው።

የ66ቱን ረሃብ እማ ብዙ አታወራውም። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም ለዓለም ያሳየው በጥቅምት 1966 ነው፤ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። መጻሕፍቱ ሁለቱን አያይዘው ይጽፏቸዋል። እማ ስትተርከው ግን መጀመሪያ የሞተችው ላሟ ናት፤ ንጉሡ ኋላ ነው የወረዱት። የላሟን መልክ እስከ ቀንዷ ታስታውሳለች።

77 ግን ሌላ ነው። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ቀረ። መጀመሪያ የተሸጠው ፍየሉ ነው፣ ቀጥሎ በሬው፣ ቀጥሎ የቤቱ ዕቃ፤ ሁሉም ሻጭ ሲሆን ገዢ ከየት ይመጣል? ቤት ውስጥ የቀረው ጭስ ላይ የተሰቀለው ደጋሊት ብቻ ሆነ። ልጆቹ ተንጋለው ያዩታል። እናቴ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ ናት። "እንጋደምና እንቆጥረው ነበር፤ ስንት ራስ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልረሳሁም" ብላኛለች። ቁጥሩን አልነገረችኝም።

አንድ ሌሊት እማ ዘሩን አወረደችው። ልጆቹ ልትቀቅልልን ነው ብለው ተነሡ። እሷ ፈልፍላ ስልቻ ውስጥ ከተተችው፣ የቤቱን ወለል ቆፍራ ቀበረችው፣ ደፈነችው፣ በላዩ ለቀለቀችው። በማግሥቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ቆረም ወጣች። በቆቦ፣ በዋጃ፣ በአላማጣ አልፋ፣ ግራካሱን በእግሯ ወጥታ ማለት ነው። ግራካሱን በመኪና የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጥምዝምዙ ለጠገበ ሰውም ራስ ያዞራል።

ቆረምን ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የቀረጹት ያን ቀን ታየ። እማ ፊልሙን አላየችም፤ እኔ ትልቅ ከሆንኩ በኋላ በስልኬ ላሳያት ስል እጇን አንሥታ ከለከለችኝ። ከእናቴ የሚበልጥ አንድ ወንድ ልጇ እዚያ ሞቷል። ሌሎቹ ተረፉ። አያቴ ደግሞ ምግብ ፍለጋ ተለይቷቸው በሄደበት ለሰፈራ ተጫነ፤ መተከል፣ ፓዊ አወረዱት። በዚያ ዘመን ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ነው በሰፈራ የተነቀለው፤ የወደደም ነበረበት፣ ያልወደደም። ደርግ ሲወድቅ ወባ ጨርሶት ተመለሰና ጥቂት ቆይቶ ሞተ።

እማ ዝናብ ጣለ ሲባል ወደ ሮቢት ወረደች። ወለሉን ቆፈረች። ስልቻው እንዳለ ነበር። የሰፈሩ ሰው ዘሩን በልቶ ጨርሷል፤ አይፈረድበትም። በጣሳ እየሰፈረች አከፋፈለች፣ የራሷንም ዘራች። የዛሬው የሰፈራችን ደጋሊት ከዚያ ስልቻ የወጣ ነው ብለው የሚምሉ ሽማግሌዎች አሉ። ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ቡና ላይ ይህ ታሪክ ይወራል። ሲወራ ደስ ይላል። ጀግና ናት ይላሉ፣ ልቧ ድንጋይ ነው ይላሉ፣ እንደሷ ያለ የለም ይላሉ።

እማ ይህ ወሬ ሲጀመር ትነሣለች። ጀበናውን ትታ፣ በረካው ሳይቀዳ ትወጣለች። አንድ ቀን ተከትያት ወጣሁና "ምነው እማ፣ እያመሰገኑሽ እኮ ነው?" አልኳት። አገዳው ክምር ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ያ ዘር ልጅሽን አያድነውም ነበር ይሉኛል" አለች። "አንድ ሳምንት ቢበላ ነው ይሉኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ? እኔ ነኝ የቀበርኩት።"

ዘሩን ማለቷ ይሁን ልጁን፣ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ከሌላ ሰው ስሰማ እኔም ደስ አይለኝም። ምርጫውን የተዉላት እነሱ ናቸው፤ እሷ ወስና ሲያበቃ ዘሩን ተካፈሉ፣ የሷን ሸክም ግን ማንም አልተካፈላትም።

አያቴ ፓዊ በነበረባቸው ዓመታት ቤቱን የያዘችው ብቻዋን ነው። እኛ ዘንድ ሴት ሞፈር አትይዝም። ስለዚህ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጠች፤ እሱ አርሶ ይዘራል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። አረሙ ግን የእሷ ነው፣ ወፍ ጥበቃው የእሷ ነው፣ ዘሩም የእሷ። እኩል ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አልከለከላትም። ራያ ላይ ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎሊናም ሆርማትም ሞልተው ይወርዳሉ። ደለል ያዘለ፣ ቀይ፣ የሚያገሳ ውኃ ነው። ወንዶቹ ሌሊት በፋኖስ እየተጠራሩ በአፈርና በቅርንጫፍ ግድብ ጎርፉን ጠልፈው ወደ ማሳ ይመልሱታል። የመለሰ አንድ ዝናብ አተረፈ ማለት ነው፤ ያመለጠው ደግሞ ውኃው ወደ አፋር ሲወርድ ቆሞ ያያል። እማ አካፋ አንሥታ ወጣች። ሴት ሞፈር መያዟን ነውር ያሉ ሰዎች ጎርፍ መጥለፏን ነውር አላሉትም፤ አስበውት ስለማያውቁ ሳይከለክሉት ቀርተዋል። የሳቁባት ነበሩ። ሲነጋ ማሳዋ ጠግቦ አድሮ አዩ።

ዓመታቱን ልዝለል። ልጆቿ አደጉ። ሁለቱ አጎቶቼ አንዱ ቆቦ፣ አንዱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ለፋሲካ ይመጣሉ፣ ዶሮ በልተው፣ ማሽላ አስጭነው ይሄዳሉ። እናቴ የመጨረሻዋ ልጅ ናት። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር አያቴ ሞቶ ነበርና ደብተሩ በእማ ስም ወጣ። ለደብተሩ ፎቶ ያስፈልጋል ተባለ። በሕይወቷ የተነሣችው የመጀመሪያ ፎቶ ያ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቅንድቧን ከስክሳ፣ የተቆጣች ትመስላለች። "ፀሐዩ ነው" ትላለች። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታኖረዋለች። አጎቶቼ "ለእኛ አዙሪልን" ባሏት ጊዜ ሁሉ የሣጥኑ ቁልፍ ይጠፋል።

እናቴ ሳዑዲ የሄደችው እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ከቆቦ፣ ከሐብሩ፣ ከመርሳ ስንት እናት ሄዳለች! ገሚሷ በቦሌ፣ ገሚሷ በአፋር በረሃ አቋርጣ፣ በጅቡቲ በጀልባ፣ በየመን። የእኔዋ እንዴት እንደሄደች ዛሬም አትናገርም። ስለዚህ እናቴን የማውቃት በስልክ ነው፣ እማን የማውቃት በእጇ ነው። የሌላ ሴት ልጆች ጅዳ ላይ በእናቴ እጅ አደጉ፤ እኔ ሮቢት ላይ በአያቴ እጅ። አያቴን ማን ያግዛት? ይህን ያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። "እሷ እኮ ብርቱ ናት" ይባላል፣ ያልቃል።

እናቴ የምትልከው ገንዘብ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ለወራት ይጠፋል። እማ አስፋልት ዳር ወጣች። ለመቀሌ መኪኖች ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በወቅቱ ጥንቅሽ፣ እሸት ትሸጣለች። ደብተሬ፣ እስክሪብቶዬ፣ የዩኒፎርሜ ጨርቅ ከዚያ ነው። መጁን እንድነካ አልፈቀደችልኝም፤ ወፍጮ ቤት ከመጣም በኋላ ለብቅልና ለበርበሬ ድንጋዩ ይሠራ ነበር፤ እጄን ካሳረፍኩ "ተነሽ አንቺ፣ ፊደልሽን ቁጠሪ!" ትለኛለች። ወፍ ጥበቃ ግን አልቀረልኝም። ጥቅምት ላይ ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፍ ይዤ፣ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ይዘጋል። ነሐሴ ላይ ደግሞ የሶለል ሰሞን ሥራ የሚባል ነገር አታዘኝም። ፀጉሬን ራሷ ትሠራኛለች፣ ራሷ ቅቤ ትቀባኛለች፣ "ሂጂ ጨፍሪ፤ ማንም ቢጠራሽ እንዳትመለሺ" ትለኛለች።

አቀንጭራን ታውቃላችሁ? ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር አረም ነው፤ የማሽላውን ሥር ከመሬት በታች እየጠባ ያደርቀዋል። የኦሮሚያው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። ከዚያ ዓይነት ማሽላ ለአገራችን ገበሬ ከተለቀቁት ሁለቱ "ጎብዬ" እና "አብሽር" ይባላሉ። ጎብዬ የጎረቤታችን ከተማ ስም ናት፤ ሰፈራችን ኮርቶ ነበር። የግብርና ሠራተኛው ዘሩን ይዞ መጣ፣ አስረዳ፦ ቶሎ ይደርሳል፣ አቀንጭራ አይነካውም፣ ቁመቱም አጭር ነው።

እማ ሰምታ ስትጨርስ "ሰውን ያበላልናል። ላሜስ?" አለችው።

ልጁ ግራ ገባው። ለእማ ማሽላ ፍሬው ብቻ አይደለም። አገዳው የላም መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የጎጆ ግድግዳ ነው። አጭር ማሽላ ማለት ቤቱ ግማሽ ጎደለ ማለት ነው። ሆኖም አላባረረችውም። አቀንጭራ ባጠቃው የማሳ ጥግ ዘራችው፣ ደጋሊቱን በደህናው መሬት። ሁለቱንም ከጭሱ በላይ ሰቀለች። ሳይንቲስት የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው መሰለኝ።

ኅዳር 2006 ላይ ሳዑዲ ሐበሻውን አባረረች፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እናቴም ተመለሰች። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የታመመ ወገብ። እማ አልጋዋን ለቀቀችላት። እናቴ ዓመት ሳትቆይ ተመልሳ ሄደች። የሄደችበትን ሌሊት እማ ብቅል ታበጥር ነበር፤ አበጥራ ስትጨርስ እንደገና ያንኑ አበጠረችው።

ጥቅምት 2013 አንበጣ ወረደ። ማሽላው ሊታጨድ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ሰው ቆርቆሮ ደበደበ፣ ጅራፍ አጮኸ፣ ጎማ አቃጠለ። እማ ሰባ ምናምን ዓመቷ ነው፤ ድስት ክዳን ይዛ ማሳ ውስጥ ስትሮጥ የሰፈሩ ልጆች በስልክ ቀርጸዋታል። አንበጣው ሳይለቅ በዚያው ወር በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ዞረ፤ ቆቦን፣ ሮቢትን፣ ጎብዬን አልፎ ወልድያ ገባ። ጳጉሜን 4 ቀን ቆቦ ላይ የሆነውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መርምሮ ጽፎታል፤ የትግራይ ኃይሎች ሰላማዊ ሰዎችን በጥይት ገድለዋል። ዝርዝሩን እዚህ አላመጣውም፤ ለቅሶው ገና ያልወጣበት ቤት ብዙ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ ተቆረጠ። አጎቴ ከቆቦ ሲሸሽ ይዟት ሊሄድ ለምኗት ነበር፤ "ማሽላውን ለማን ትቼ?" አለችው። መንገዱ ተከፍቶ ስደርስ ቤቱ ባዶ ነበር። ከብት የለም፣ በር የለም፣ ሣጥኑ ተሰብሯል። እማ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ወለሉን በጣቷ አሳየችኝ። የ77ቱ ቦታ ላይ ነው የቆፈረችው። ስልቻው ቀርቶ የዘይት ጀሪካን ሆኗል፤ ውስጡ ደጋሊት አለ፣ ጎብዬም አለ፣ በፌስታል የተጠቀለለው የመሬት ደብተርም አለ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ጦርነቱ በቆቦ ግንባር እንደገና ሲጀመርም ያው ጉድጓድ ሠርቷል።

ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ አንድ ምርት አስገብታ ሞተች። አልጋ ላይ የተኛችው ጥቂት ቀን ነው። ቅሬው ተጠራ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። እናቴ ከጅዳ በስልክ አለቀሰች፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፎቶዋ አጠገብ፣ ከዚያችው ከመሬት ደብተሯ ፎቶ አጠገብ አኖርኩት። አልቃሾቹ የ77ቱን ዘር አነሡ፣ ጎርፉን አነሡ፣ አንበጣውን አነሡ። እንቅልፍ የማታውቅ፣ ድካም የማታውቅ፣ ታታሪ አሏት። አጎቶቼ ደረታቸውን መቱ። እኩል አራሹ ሽማግሌ ሆኖ በከዘራ መጥቷል፤ እሱም "እንደሷ ያለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም" አለ፤ እውነቱን ነው፣ ለሠላሳ ዓመት ቆሞ አይቷታል።

እማ ድካም ታውቅ ነበር። ማታ ማታ እግሯን የማሻት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። እንቅልፍም ትወድ ነበር፤ ዝናብ የጣለ ጧት ሥራ ሲታጎል እስከ ረፋድ ትተኛለች፣ ስትነሣ ፊቷ የልጅ ነው። ከሠራችው ሥራ ግማሹ የባሏ ነበር፣ የልጆቿ ነበር፣ የሰፈሩ ነበር፣ የእኔ ነበር። ብርቱ ናት ስላልን ነው ሁሉም እሷ ላይ ያደረው።

እናንተም ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ስለ አንዲት ሴት "ታታሪ ነበረች" ሲባል ከሰማችሁ፣ እሷ ስትሠራ ማን ማን ተቀምጦ ነበር ብላችሁ ጠይቁልኝ።